የተቀቀለ እርሾ

የበደለችኝ የባሌ ታላቅ እህት ናት። ዘመኑ ጣሊያን ወጥቶ ጃንሆይ ወደ ዙፋናቸው ከተመለሱ ብዙም ያልቆየበት ነው። ወቅቱ ጋይንት በገባሁበት የመጀመሪያው ዓመት የቅበላ ሳምንት ነበር፤ ዐቢይ ጾም ሊያዝ ጥቂት ቀን ሲቀረው። የሞተ እርሾ ሰጠችኝ። የገደለችውም እሷው ናት።

ስሟን አልጽፍም። ልጆቼ አክስታቸውን ይወዷት ነበር፣ እሷም ትወዳቸው ነበር፤ ይህን አልክድም። በሕይወት ሳለች ፊት ለፊት «እትዬ» እያልሁ፣ «እርስዎ» እያልሁ አክብሬአታለሁ። እዚህ ግን «እሷ» እላታለሁ። ይህን ያህል ይገባኛል።

ስለ አገሩ ግን ክፉ የምለው የለኝም። እንዲያውም ያ አገር ባይኖር፣ ያ ገብስና ያ ባቄላ ባይኖር፣ ቂሜን ይዤ ይህን ያህል ዘመን አልቆይም ነበር።

የተወለድሁት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። አባቴ የጎንደር ሰው ነበር። በምን ምክንያት አገሩን ጥሎ እንደ ተሰደደ አውቃለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም። እናቴ በልጅነቴ ሞተች። አማርኛ የተማርሁት ከአባቴና ወደ ቤቱ ከሚመጡ ስደተኞች ነው። ከእነሱ አንዱ በጣሊያን ጊዜ ድንበር የተሻገረ የጋይንት ጎልማሳ ነበር፤ ባሌ የሆነው እሱ ነው። አባቴ ከመሞቱ በፊት በጥቂት ሰዎች ፊት አጋባን። አባቴን ከቀበርሁ በኋላ በገዳሪፍ የምጠራው ሰው አልነበረኝም። ባሌ «አገሬ እንግባ፤ እዚያ በሽማግሌ ፊት ሰማንያ እናስራለን፣ ጋብቻችን ይጸናል» አለኝ። ተከተልሁት።

በመተማ ገብተን፣ ጎንደርን አልፈን፣ ከደብረ ታቦር በኋላ መንገዱ ወደ ላይ ብቻ ሆነ። ጉና ተራራ ሥር ስንደርስ በቅሎዋ ላይ ሆኜ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። በሕይወቴ ብርድ የሚባል ነገር ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ባሌ ጋቢውን አውልቆ አለበሰኝና «ይህ ገና ቆላው ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ቀልድ አለመሆኑን ያወቅሁት ቤታቸው ስደርስ ነው፤ በእርግጥም ከዚያ ይበርድ ነበር።

ቤታቸው የድጓ ትምህርት ቤት ካለባት ከቤተ ልሔም ብዙም የማይርቅ ደብር አጠገብ ነው። ጠዋት ስነሣ የድጓ ተማሪዎች ዜማ ሲያጠኑ ይሰማል። ገዳሪፍ ሳለሁ አባቴ «እኛ አገር ሰው ሳይሆን ተራራው ነው የሚያዜመው» ይለኝ ነበር። ስደተኛ አገሩን ሲያወድስ የሚያበዛው ይመስለኝ ነበር። አላበዛውም።

አማቴ ዝምተኛ ሴት ነበሩ። በመጣሁ ዕለት ግንባሬን ሳሙኝ፣ እግሬን አሳጠቡኝ፣ ከዚያ ዋናውን ነገር አልደበቁኝም። ልጃቸው ያለ ሽማግሌዎቻቸው ያገባኝን እነሱ ጋብቻ አይሉትም። ሰማንያው ከፋሲካ በኋላ በዳግማይ ትንሣኤ ይታሰራል፤ የሚታሰረው ግን ዘመዶቹ አይተውኝ ከወደዱኝ ነው። እስከዚያ እንግዳ ነኝ። ባልወደድ ወዴት እንደምሄድ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኋቸውም። መሄጃ አልነበረኝም።

ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው የባሌ እህት ነበረች። ቤቷ ከእኛው ጋር በአንድ አጥር ውስጥ ነው። ወንድሟ ሱዳን ሳለ፣ እሷ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ አካባቢ ካለ አንድ ባለ ብዙ ጥማድ ቤት ልጅ አጭታለት ኖሯል። እኔን ይዞ ሲመጣ የሰጠችውን ቃል አፈረሰባት። ልጅቷም አልተዳረችም፤ ትጠብቅ ነበር።

አሁን ወደ ምግቡ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነውና።

እኔ ያደግሁት በኪስራ ነው፤ እንደ ወረቀት የሚሳሳ የማሽላ እንጀራ። የጋይንት የገብስ እንጀራ ሲቀርብልኝ ወፍራምና ጥቁር ሆኖ አየሁት፤ ስጎርሰው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ጠላው መረረኝ። ሽታው ሁሉ እንግዳ ሆነብኝ። አንድ ሳምንት ያህል ከባቄላ በቀር የወደድሁት አልነበረም። ባቄላን አውቀዋለሁ፤ ገዳሪፍ ቀቅለን በሰሊጥ ዘይት እንበላዋለን። እዚህ ግን እሸቱን ከነማሳው አሳዩኝ። አማቴ ከእርሻው ዳር ቁጭ ብለው፣ ከነልባሱ እሳት ላይ ጣል አድርገው፣ ጥቁር ልባሱን በአውራ ጣታቸው ፈልቅቀው ሰጡኝ። አረንጓዴው ፍሬ ውስጡ ይጨሳል። ከዚያ በፊት ባቄላ በልቼ እንደማላውቅ የገባኝ ያኔ ነው።

ቀስ በቀስ ሌላውም ተከተለ። ሰነፍ ቆሎ የሚሉት የገብስ ዓይነት አለ፤ ሲቆላ ገለባው ብዙ ሳያስቸግር ስለሚለቅ ሰነፍ ሴት እንኳን ታዘጋጀዋለች ይላሉ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቃጠልብኝ የቆላሁት እሱን ነው። የገብሱን በሶ በውኃና በጨው አሽቶ፣ ኑግ ጠብ አድርጎበት የበላ ሰው እስከ ማታ ተራራ ይወጣል። ያ ወፍራም እንጀራም ብርዱን ካወቅሁ በኋላ ለምን እንደ ወፈረ ገባኝ። እንደ ጋቢ ነው፤ በስስ እንጀራ ያ ብርድ አይገፋም። ጠላውን መቼ እንደ ወደድሁት አላውቅም፤ አንድ ቀን ዋንጫዬን ጨርሼ ሁለተኛ ስዘረጋ አማቴ አይተው ፈገግ አሉ።

ሴቶቹን ደግሞ እንዴት ላመስግናቸው። እህል በእጃቸው ዘግነው ከየትኛው ማሳ እንደ መጣ ይናገራሉ። ጋን አጠገብ ጆሯቸውን አስጠግተው ጠላው ነገ ይደርስ ከነገ ወዲያ ያውቃሉ። እንዲህ ያለ ጆሮና አፍንጫ ገዳሪፍም አላየሁ፣ ከዚያም በኋላ በኖርሁበት ከተማ አላየሁ። ከሁሉም የምትበልጠው ደግሞ፣ ሳልወድ ልጻፈው፣ የባሌ እህት ነበረች። ሽሮዋ ሌላ ነው። ተልባዋን ቆልታ ስትወቅጠው እንኳን ልኩን አታሳልፍም። ሙያዬን ሁሉ የለቀምሁት እሷን ከኋላ ቆሜ በማየት ነው። አላስተማረችኝም፤ ዓይኔን ግን ልትከለክለኝ አልቻለችም።

አፏም እንደ እጇ የሠላ ነበር። አንድ ቀን ከገዳሪፍ ይዤው የመጣሁትን፣ ወጥ የሚያወፍረውን የደረቀ ባሚያ ዱቄት አውጥቼ፣ በሥጋ ወጥ ሠርቼ ለቤቱ ሁሉ አቀረብሁ። ከሻንጣዬ ያወጣሁት የመጨረሻው የአገሬ ምግብ ነበር። እሷ በማንኪያ ቀዳችና ከፍ አደረገችው። ወጡ ተለጠጠ፣ ክር ሆነ፣ ከማንኪያው እስከ ሳህኑ ተንጠለጠለ።

«ሙሽራዪት» አለች፣ «ይህ ወጥ ነው ወይስ የበሬ ለሃጭ?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ባሌም ሳቀ፤ ያንን አልረሳሁለትም። አማቴ ብቻ እንጀራቸውን እየቆረሱ እስከ መጨረሻው በሉትና «ለእኔ ጥርስ ለሌለኝ ይህ ነበር የሚሻለኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ «የለሃጯ ሙሽራ» ተባልሁ።

መከሩ አልፎ፣ ጥምቀት አልፎ፣ ጾሙ ሲቃረብ የቤቱን ወግ ነገሩኝ። በዚያ አገር ዐቢይ ጾም ያለ ስልጆ አይጾምም። ስልጆ ማለት የሱፍ ውኃ ይፈላና የባቄላ ዱቄት ይገነፋበታል፤ ሲበርድ የተፈጨ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ይገባበታል፤ ከዚያ ካለፈው የተረፈ እርሾ ተጨምሮበት በማሰሮ ተከድኖ እስኪቦካ ይቀመጣል። የበሰለ ስልጆ በእንጀራ ሲጎረስ መጀመሪያ ይጎመዝዛል፣ ቀጥሎ ሰናፍጩ አፍንጫ ውስጥ ይገባና ዓይን ያስነባል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስቀምሰው የተመታሁ መሰለኝ። በሁለተኛው ጉርሻ ግን ሌላ ነገር መብላት አስጠላኝ። ለጾም እንዲህ ያለ ምግብ የፈለሰፈ ሕዝብ ብርዱንም ረኀቡንም የሚያውቅ ብልኅ ሕዝብ ነው።

ወጉ ይህ ነው። አዲስ ሙሽራ በመጀመሪያ ጾሟ ስልጆ ትሠራለች፤ እርሾውን የቤቱን እርሾ የምትጠብቀው ሴት ትሰጣታለች። በደብረ ዘይት ሳምንት፣ ቤተሰቡ ለካህናቱና ለተማሪዎቹ ምግብ በሚያቀርብበት ቀን፣ ሙሽራዋ ማሰሮዋን ይዛ ደጀ ሰላም ትወጣለች። የድጓ መምህሩ የኔታ ይቀምሳሉ። ስልጆው ከሰመረ «እጇ ይባርካል» ይባላል፣ ሴትዮዋ የአገር ሰው ሆነች። ካልሰመረ ሰዉ በአፉ ምንም አይልም፤ ሽማግሌዎቹ ግን ሰማንያ ለማሰር እግራቸው ይከብዳል።

አማቴ እጃቸው ስለ ደከመ የቤቱን እርሾ ለልጃቸው አስረክበው ነበር። ስለዚህ ከእሷ ለመንሁ። በትንሽ ቅል፣ በኮባ ቅጠል ሸፍና ሰጠችኝ። «እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂው» አለችኝ። ጉልበቷን ሳምሁ። ያ መሳም ዛሬም ከንፈሬ ላይ አለ።

የቻልሁትን ያህል ጠንቅቄ ሠራሁት። ባቄላውን ራሴ ቆልቼ ራሴ ፈጨሁ፤ ሱፉን ሦስቴ አጠለልሁ። ከዚያ መጠበቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ክዳኑን ከፍቼ ጆሮዬን አስጠጋለሁ። ዝም። አረፋ የለም፣ ሽታ የለም። እንደ ቀዘቀዘ ገንፎ ተቀመጠ። ዘወረደ አለፈ፣ ቅድስት ገባ፤ ዝም። እሷም በየጠዋቱ ትመጣለች፣ ክዳኑን ታነሣለች፣ ከንፈሯን ትመጥጣለች፣ ትሄዳለች። ምንጭ ስትወርድ ለሴቶቹ የምትለው ይደርሰኝ ነበር። የበረሃ እጅ እርሾ ይገድላል ትላለች። ፀሐይ የጠበሰው ሰው የነካው አይቦካም ትላለች። ወሬው ከሴቶቹ ወደ ወንዶቹ አለፈ፤ የባሌ አጎት የእስቴዎቹን ሰዎች ገበያ ላይ አግኝቶ ሲያወራ መዋሉንም ሰማሁ። ባሌን ምን እናድርግ ስለው «ትንሽ ታገሺ» አለኝ። ሌላ አላለም።

ያን ሰሞን ዕቃዬን በልቤ እሸክፍ ነበር። ሸክፌ ግን የት እንደምወስደው አላውቅም።

አንድ ረፋድ፣ እሷ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለ፣ አማቴ ወደ ማሰሮው መጡ። ስልጆውን በጣታቸው ቀመሱ። ከዚያ እርሾውን ያመጣሁበትን ቅል አምጪ አሉኝ። አልታጠበም ነበር፤ ታችኛው ላይ የደረቀ ቅሪት አለው። በምራቃቸው አርሰው አሸተቱት፣ ምላሳቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ ቅሉን ወደ አፍንጫዬ አቀረቡት።

«ምን ሸተተሽ?»

«ባቄላ፣ እመይቴ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«አየሽ። እርሾ በቅል ውስጥ ወር ቢቀመጥ ሰናፍጩ ይወጋል። እሳት ካገኘው ግን ጠባዩን ይተዋል፣ እንደ ሽሮ ይሆናል። ይህ ተቀቅሏል ልጄ።»

ነገሩ ሲገባኝ ወደ በሩ ተነሣሁ። ምን ልል እንደ ነበር አላውቅም። ክንዴን ያዙኝ።

«ቁጭ በይ። አሁን ብትናገሪ ጠብ ይሆናል። ጠብ ከሆነ ደግሞ ከዚህ ቤት የምትወጪው አንቺ ነሽ እንጂ እሷ አይደለችም። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ልጄን በሰው ፊት ተንኮለኛ አላሰኝም።»

እኔን ማስወጣት አልፈለጉም፤ ልጃቸውንም ማዋረድ አልፈለጉም። ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እንደሚያደርጉት ያኔውኑ አስበውት ነበር። እሳቸው የተወለዱት ስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ ነው። የዚህ ቤት እርሾም መጀመሪያ የመጣው እሳቸው ሙሽራ ሆነው ሲመጡ ከእናታቸው ቤት ነው። እህታቸው አሁንም እዚያው አሉ። ባሌን ጠርተው «አክስትህ ታምማለች፣ ሙሽራዪቱን ወስደህ አስጠይቃት» አሉት። ለእሱ እውነቱን ነገሩት አልነገሩት አላወቅሁም። መንገድ ላይ ግን እጄን ይዞ ነበር የሄደ፤ ያገር ሰው በመንገድ የሚስቱን እጅ አይዝም።

ስማዳ ከጋይንት ይሞቃል። ቁልቁል ስንወርድ ሰውነቴ ተፍታታ፤ ገዳሪፍ ትዝ አለኝ፣ ግን ልመለስ አልተመኘሁም። ያን ጊዜ ነው ልቤ ጋይንት መቅረቱን ያወቅሁት። ያልታመሙት አክስት ሁሉንም ሳይጠይቁ ተረዱ። ከማሰሯቸው ሲቀዱልኝ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ፣ ዓይኔ አነባ፤ አክስትም አይተው «ይኸ ሕያው ነው» አሉ። እኛ ገዳሪፍ እርሾ የምንጠብቀው ከሙቀት ነበር። እዚህ ጠላቱ ብርድ ነው። ቅሉን በነጠላ ጠቅልዬ ከመቀነቴ በላይ በሆዴ ላይ አስሬ፣ እንደ ሕፃን ይዤው ዳገቱን ወጣሁ።

አዲሱን ስልጆ አማቴ መኝታ ጥግ፣ ከጎታው ኋላ ደበቅነው። የሞተውን ማሰሮ ግን እንዳልነካው አዘዙኝ። እዚያው በቦታው ቀረ። እሷ በየጠዋቱ እየመጣች ክዳኑን አነሣች፣ ከንፈሯን መጠጠች፣ ሄደች። እኔም አንገቴን ደፋሁላት። እውነቱን ለመናገር ያ ሰሞን ደስ ይለኝ ነበር። ከጎታው ኋላ ያለው ማሰሮ መፍላት ጀምሮ ነበር፤ ጆሮዬን ሳስጠጋ የሚያንሾካሹክ ሰው ይመስላል።

የደብረ ዘይቱ ቀን ሲደርስ ካህናቱና ተማሪዎቹ ከቅዳሴ ወጥተው ደጀ ሰላም ተቀመጡ። ቀኑ መሽቶ ነበር፣ ጾሙም ጠንክሮባቸዋል። እሷ የራሷን ማሰሮ ይዛ መጥታለች፤ የእኔ ሲወድቅ የቤቱን ስም የምታነሣው እሷ እንድትሆን። እኔ በተሸፈነ ማሰሮ ቀርቤ እንጀራው ላይ አፈሰስሁ። የኔታ ጎረሱ። አፍንጫቸውን ያዙ፣ ዓይናቸው ሞላ፣ በጋቢያቸው ጠረጉት።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ሰሞነ ሕማማት ሳይደርስ አስለቀስሽኝ። ይህን ይዘሽ ከዚህ አገር ብትወጪ እኔ ነኝ የማወግዝሽ።»

ተማሪዎቹ ሳቁ፣ ሳህኑ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ተጠርጎ ባዶውን ተመለሰ። ሽማግሌዎቹም ያንን አዩ። እሷን አየኋት። ማሰሮዋን እንደ ያዘች ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ከሴቶቹ አንዷ «እንዴት ያለ እርሾ ነው?» ስትል አማቴ ከተቀመጡበት ሆነው፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው መለሱ።

«የልጄ ነዋ። እሷ አይደለች እርሾውን የሰጠቻት? የእጇ በረከት ነው።»

ሴቶቹ ወደ እሷ ዞረው መረቋት። እምቢ ብትል ምን ልትል ነው? አመስግና ተቀበለች። እኔም ተነሥቼ፣ አማቴ እያዩኝ፣ እንደገና ጉልበቷን ሳምሁ።

የአማቴን ብልኅነት ዛሬም አደንቃለሁ። በአንድ ቃል ልጃቸውንም አዳኑ፣ እኔንም ቤት አስገቡኝ፣ ቤታቸውንም አቆሙ። እንደ እሳቸው ያለ ዳኛ አላየሁም። የፍርዱን ዋጋ ግን የከፈልሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ደብር የስልጆዬ ስም ሲነሣ «ከባሏ እህት ያገኘችው ነው» ይባላል። እሳቸው በሕይወት እያሉ አፌን አልከፈትሁም፤ ካለፉም በኋላ ለመቃብራቸው ስል ዝም አልሁ። አሁን ግን ሁሉም አልፈዋል። እርሾው የስማዳ ነው።

ሰማንያው በዳግማይ ትንሣኤ ታሰረ። እሷም ከሴቶቹ ጋር እልል አለች። የእስቴዋ ልጅ በዚያው ዓመት ሌላ አገባች፤ ደኅና ኑሮ ኖረች ሲሉ ሰምቻለሁ።

እሷ እርጅና ከያዛት በኋላ፣ ሁለታችን ብቻችንን አጥር ጥግ ፀሐይ ስንሞቅ፣ «ያኔ የሠራሽው ስልጆ የስማዳ ነበር አይደል?» አለችኝ። ዓይኔን አየችው። እንድነግራት ትፈልግ ነበር።

«የእርስዎ ነው እንጂ፣ እትዬ» አልኋት።

በሌላም ዓመት ጠየቀችኝ፤ ያንኑ መለስሁላት።

ከዚያ ጾም በኋላ ከቤቷ ስልጆ አልበላሁም። ሙያዋን ግን ተጠቀምሁበት፤ ተልባውንም ሽሮውንም እስከ ዛሬ እንደ እሷ ነው የምሠራው። ስትሞት አለቀስሁ፣ ተዝካሯንም ረዳሁ። ምራቶቼ ሲመጡ ለእያንዳንዳቸው እርሾ ሰጠሁ። ከመስጠቴ በፊት በፊታቸው ቀመስሁ፣ እነሱንም አቀመስሁ። ከየት እንደ መጣም ነገርኋቸው።